ከነጩ ድንጋይ ወዲያ

አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሽቅብ እያየ የሄደ ሰው ነበር። ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ስልሳ ሰባት የብረት ምሰሶዎች አሉ፤ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመው የመብራት መስመር በእነሱ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። አባቴ ከሽቦው ሥር በእግሩ እየሄደ የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ ስኒ፣ ምሰሶ ላይ የተሠራ የወፍ ጎጆ፣ ወደ ሽቦው የሚንጠራራ ዛፍ ይፈልጋል። ስኒ የሚሉት ሽቦውን ከብረቱ የሚለየውን ሸክላ ነው። ያየውን ሁሉ ኪሱ ውስጥ በምትገባ ደብተር ይጽፍና ሲመለስ ለጥገና ክፍል ያስረክባል። የሥራ መደቡ «የመስመር ተመልካች» ይባል ነበር። ዓመቱ ሲደራረብ አንገቱ ወደ ኋላ እንደቀና ቀረ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

«አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብለህ እኛን እየን» ትለው ነበር እናቴ።

«እናንተ አትወድቁም። የሚወድቀው እላይ ያለው ነው» ይላታል።

ደመወዝ የሚከፈለው ወደ ላይ ለሚያየው ነበር። ሰፈሩ ያወቀው ግን መሬት ላይ በሠራው ነው። ደንቡ ከመስመሩ መሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሜትር ባዶ ይሁን ይላል። መሥሪያ ቤቱ ግን አጥር አላጠረም፣ ምልክት አልተከለም። ስለዚህ አባቴ ራሱ ለካ። በየሃምሳ እርምጃው ድንጋይ አስቀመጠና ኖራ ቀባው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ይሄድና ያደሰዋል። ማንም አላዘዘውም። ከሠላሳ አንደኛው እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ምሰሶ ድረስ ያለው የእኛ ሰፈር ነው፤ እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት አባቴን ይጠራ ነበር። ሜትሩን ዘርግቶ፣ በተረከዙ መሬቱን ጭሮ፣ «ከዚህ ወዲህ የመብራት ነው፤ ከነጩ ድንጋይ ወዲያ የአንተ ነው፤ ተኝተህ እደር» ይለዋል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ነጭ ድንጋይ» ይለው ጀመር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መሠረቷን ካስቆፈረች በኋላ ነበር የደረሰባት። ጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቷል። መልሰሽ ድፈኚው አላት።

«ጋሼ፣ ሁለት እርምጃ እኮ ናት! ሽቦው በመቀስ ወርዶ ሊቆርጠኝ ነው?»

«ሽቦው ሁለት እርምጃ አያውቅም። ወይ ከውስጥ ነሽ ወይ ከውጭ ነሽ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ሰደበችው፤ ከዚያ ግድግዳዋን አራቀች። በሁለተኛው ዓመት ክረምት በከባድ ንፋስ አንድ ሽቦ ተበጥሶ ባዶው መሬት ላይ ወደቀ። ሣሩ ጥቁር እስኪሆን ነደደ፤ የእሷ ቤት ግን ጭስ እንኳ አልነካውም። ከዚያ ወዲያ የአባቴን ሱሪዎች የምታሳጥረው እሷ ሆነች። «አንድ ሳምንት ሰደበችኝ፣ ሃያ ዓመት መረቀችኝ» ይል ነበር።

በሌሎች ተመልካቾች ክልል ውስጥ ቤቶች ቀስ በቀስ ከሽቦው ሥር ገብተዋል። አንዱ ጋ አርባ፣ ሌላው ጋ ከመቶ በላይ። አባቴ በዓመታዊ ሪፖርቱ የእነዚህ ቤቶች ብዛት በሚጻፍበት ረድፍ ላይ ሃያ ስምንት ጊዜ ዜሮ ጽፏል። የሚኮራው በዚህች ዜሮ ነበር። ሰው ስለ ልጆቹ ውጤት እንደሚያወራ እሱ ስለ ዜሮው ያወራ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የመዛግብት አያያዝ ተምሬ እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ይዞ ያስቆመኝ እሱ ነው። «ስሚ፤ እዚያ የምታይውን እዚያው ተይው። ለእኔም ቢሆን አታውሪ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። በቤታችን ቀልድ ሆኖ ቀረ። ከሥራ ስገባ «ዛሬ ምን ገባ?» ይለኛል፤ እኔም «አቧራ» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባልን። እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ብረት ናት» እያለ ያሞግሰኝ ነበር።

መስመሩ አርጅቶ እንደገና እንዲሠራ ሲወሰን፣ አዲሱ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን የሚያጠናው ቡድን ኃላፊ አንድ መሐንዲስ ሆነ። መሐንዲሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት ገና ከትምህርት እንደወጣ ከአባቴ ጋር አንድ ዓመት መስመር ተራምዷል። የመጀመሪያው ቀን አዲስ ጫማው እግሩን ልጦት፣ አባቴ ካልሲውን አውልቆ ሰጠው፤ ራሱ ባዶ እግሩን በጫማ ሄደ። እናቴ ለብ ባለ የጨው ውሃ እግሩን አጠበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን «አባባ» ይላል። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን አጠገባችን ተቀምጧል። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ተቀምጧል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋ፤ ንፋስ እንዳይወስደው በአራቱ ጥግ የሻይ ብርጭቆዎቻችንን አስቀመጥን።

«አባባ፣ ሦስት መንገድ አለን» አለ። «ነባሩ መስመር፣ የረግረጉ በኩል፣ የጋራው ጀርባ። ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም።»

«ረግረጉን ተወው» አለ አባቴ። «ላም የዋጠ መሬት ምሰሶ ይጠላል ብለህ ነው?»

መሐንዲሱ ሳቀ። «ጋራውስ?»

«ጋራው አራት ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ግን ድንጋይ ነው፤ ሰው የለበትም። እኔ ብሆን በጋራው ነው። ነባሩን ግን አታስፋው፤ ሰፈር አለ።»

«የእኔም ልብ ያለው ጋራው ላይ ነው» አለ መሐንዲሱ። «ግን ቦርዱ ልብ አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ይቺን ቅጽ ይሙሉልኝ።»

ቅጹ ላይ ስለ ነባሩ መስመር ዘጠኝ ጥያቄ አለ። ስድስተኛው «በመስመሩ ክልል ውስጥ የሚገኙ መኖሪያ ቤቶች ብዛት» ይላል። አባቴ ፈገግ አለ። መነጽሩን አደረገ፣ በቁጥር 0 ብሎ ጻፈ፣ ማንም እንዳይሰርዛት በፊደልም «ዜሮ» ብሎ ደገማት። ከመፈረሙ በፊት ግን ብዕሩን ይዞ ቀና አለ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ዛሬ ምን ገባ? ስለዚህ መስመር አዲስ ነገር አለ?»

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት የዲዛይን ክፍሉ ለመሐንዲሱ የጻፈው ደብዳቤ በእጄ ተመዝግቦ አልፏል። አዲሱ መስመር ኃይሉ ስለሚጨምር ክልሉ ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሜትር ይሆናል ይላል። አንብቤዋለሁ። የተጻፈለት ሰው ከፊቴ ተቀምጧል። ደብዳቤው የእሱ ነው፣ መናገርም የእሱ ነው አልኩ በልቤ።

«አቧራ» አልኩ።

አባቴ ሳቀ። «አላልኩህም? ብረት ናት!» አለው። መሐንዲሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን እኔን ነበር የሚያየው። አባቴ ፈረመ። መሐንዲሱ ቅጹን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ብርቱካን ልጦ ለአባቴ ግማሹን ሰጠው።

ከሦስት ወር በኋላ የጥናቱ ሪፖርት መዝገብ ቤት ገባ፤ መቶ አርባ ገጽ ነው። ማወዳደሪያው ሰንጠረዥ ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ነበር። ረግረጉ፦ መሬቱ የማይመች። ጋራው፦ ረጅም፣ ቤት ዜሮ። ነባሩ፦ አጭር፣ ቤት ዜሮ። ከነባሩ ዜሮ አጠገብ በትንሽ ፊደል «ምንጭ፦ የመስመር ተመልካቹ የተፈረመ ቆጠራ» ተብሏል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ አጭሩ ያሸንፋል። አሸነፈ። የቦርዱ ውሳኔ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል።

መዘገብኩት፤ ቁጥር ሰጠሁት። ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ጫማውን ይቦርሻል።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ገባ በለኝ።»

ቀና አለ። «ምን ገባ?»

ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«ሃያ አምስት መቼ ሆነ?»

«አንተ ከመፈረምህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ደብዳቤው ለእሱ ነው የተጻፈው።»

«አንቺስ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ የመዘገብኩት።»

ብሩሹን ጫማው ውስጥ አስቀመጠ። ክፍሉ ገብቶ ሜትሩን አወጣና ሄደ። ገና ፀሐይ ነበረች። ከበረንዳው ሆኜ ከቤት ቤት ሲሄድ፣ ሲጎነበስ፣ ሜትሩን ሲስብ አየዋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሽቅብ ያየ ሰው ያን ቀን ቀና አላለም። ሲመለስ ደብተሩ ላይ አንድ ቁጥር ነበር፦ ስልሳ ሦስት። ስልሳ ሦስቱም ቤቶች ከነጩ ድንጋይ ወዲያ፣ እሱ ተኝታችሁ እደሩ ያላቸው ቦታ ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ግድግዳቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ነው የሠሩት፤ እሱ ስላለ።

የእኛ ቤት ከመስመሩ መሃል ሃያ ሰባት ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር ተረፈ። ይህ የሆነው በእናቴ ምክንያት ነበር። ሽቦው እርጥበት ሲኖር ዝዝዝ የሚለውን ድምፅ አትወድም ነበርና፣ ከድንጋዩ አሥራ ሁለት ሜትር ርቆ ሠራላት። ለዚህ ግን የተጻፈ ማስረጃ የለም፤ እሷም የለችም።

በማግስቱ አባቴ ወደ መሐንዲሱ ቢሮ ሄደ። ሁለት ሰዓት አስጠብቆ አስገባው። ምን እንደተባባሉ እዚያው በረንዳ ላይ ነገረኝ።

«ምነው ልጄ? ክልሉ መስፋቱን ለምን አልነገርከኝም?» ብሎታል።

«አባባ፣ ቅጹ የጠየቀው በክልሉ ውስጥ ስላለው ነው። እርስዎ የሚያውቁት ክልል አሥራ አምስቱ ነው። እኔ እርስዎ ያልጻፉትን አልጻፍኩም።»

«ያልጠየቅከኝንስ?»

«የጋራው መንገድ ውድ ነው ተብሎ ከላይ ተወስኖ ነበር። እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው ይሠራዋል። ይረዱኝ።»

«እረዳሃለሁ» ብሎት ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ካልሲው ትዝ አለው። «ካልሲዬን መልስ ልለው ነበር» አለኝና ሊስቅ ሞከረ። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ብርቱካን እያበላኝ።»

ከዚያ አንድ ገጽ ማረሚያ ጻፈ። ጽሑፉ አጭር ነው፦ «ዜሮ ያልኩት በአሥራ አምስት ሜትር ነው። በሃያ አምስት ሜትር ሲቆጠር ስልሳ ሦስት ቤት ነው። ዜሮዬን ለዚህ እንዳትጠቀሙባት እጠይቃለሁ።» ራሱ ወደ ጥናት ክፍሉ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ተመለሰለት፤ ጥጉ ላይ በእርሳስ «ጥናቱ ተዘግቷል፤ በክፍል ኃላፊ በኩል አልመጣም» ተብሎበታል። ቁጥርም ማኅተምም ስላልነበረው ለእኔም ቢያመጣው በደንቡ አልመዘግበውም ነበር። አላመጣውም። አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

ካርታው ለሕዝብ የታየው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። መሐንዲሱ አልመጣም፤ ሌላ ሰው ልኳል። የተላከው ሰው ከመሃል ግራና ቀኝ ሃያ አምስት ሜትሩ ባዶ ይሆናል ካለ በኋላ፣ ቀዩን መስመር በዘንግ እያሳየ «በክልሉ ውስጥ ቤት አለመኖሩን የመስመር ተመልካቹ በፊርማ አረጋግጠዋል» አለ። አንገቶች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። አባቴ ሊናገር ተነሳ፤ ድምፁ አልወጣም።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«እርስዎ» አለችው። «እርስዎ ራስዎ ነዎት ግድግዳዬን ሁለት እርምጃ ያስመለሱኝ። ምናለ ያኔ ሙሉውን ቢነግሩኝ? ወይስ የራስዎን ቤት እስኪያርቁ ነበር?»

«እኔ አላወቅኩም» አለ አባቴ።

«ፊርማዎ ያውቃል።»

ከኋላ አንድ ሰው «ነጭ ድንጋይ ልቡም ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ፤ ጥቂቶች ሳቁ። እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ተነስቼ «እኔ አውቅ ነበር» ማለት እችል ነበር። አልተነሳሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ሄደ፣ መጣ፤ ክረምት ሲወጣ ግን ባልዲውን አላነሳም። ኖራው እየታጠበ ድንጋዮቹ እንደማንኛውም ድንጋይ ሆኑ። ሱሪው የሚያሳጥርለት ሰው አጥቶ መሬት ይጠርግ ነበር፤ አጥፌ ልስፋልህ ብለው እንቢ አለኝ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ይላል አልፎ አልፎ፤ የትኛውን ፈረስ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንድ ጠዋት ግን ሻይ እየጠጣን ሳለ ሳላስበው፣ «የአንቺ ጥፋት አይደለም። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አርባ አራተኛው ምሰሶ ሥር ወድቆ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነበር። ቀብሩ ላይ ከሰፈራችን አሥር ሰው አልሞላም። መሐንዲሱ አበባ ልኳል፤ ጥብጣቡ ላይ «ለአባታችን» ተጽፏል።

ልብስ ሰፊዋ ቀብሩ ላይ አልነበረችም። በወሩ መዝገብ ቤት መጣች። የስልሳ ሦስቱ ቤት ሰዎች ተቃውሞ ሊያስገቡ ነው፤ የተፈረመውን ቅጽ ቅጂ እንድታመጣ ልከዋታል። መስኮቱ ላይ ቆማ መታወቂያዋን አሳየችኝ፤ እንደማታውቀኝ።

ማኅደሩን አወጣሁ። ቅጹን ሰጠኋት። ከዚያ ከቦርሳዬ የአባቴን ደብተር አውጥቼ የታጠፈችውን ገጽ ዘረጋሁላት። ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን መቼ ጻፈው?»

«ከስብሰባው በፊት። መለሱበት።»

«ለምን አልተናገረም ታዲያ?»

«ድምፁ አልወጣም። አይተሽዋል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔም የቀረውን ነገርኳት፤ ደብዳቤው በእጄ ማለፉን፣ በቅዳሜው ጠዋት አባቴ መጠየቁን፣ እኔ ምን እንደመለስኩ።

«አቧራ አልሽው» አለች።

«አዎ።»

«እሱ ደግሞ ሳቀ።»

«አዎ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ይቺ የእሱ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ትግባ» አለች።

ገጹን መዘገብኩት። ቀኑን ወደ ኋላ አልመለስኩትም፤ የገባበትን ቀን ጻፍኩ፣ የተጻፈበትንም ከጎኑ አመለከትኩ። የክፍል ኃላፊ ፊርማ በሚጠየቅበት ቦታ «የለም» አልኩ። ከዜሮው ቀጥሎ አስገባሁት፤ ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ አንዱን ሳያይ ሌላውን ማየት እንዳይችል። ስልሳ ሦስት ቅጂ አነሳሁና ማኅተም መታሁባቸው። ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ አልተነሳችም።

«የአንቺስ?»

«የእኔ ምን?»

«የነገርሽኝ ነዋ። የሞተ ሰው ጽፎ የቆመ ሰው ዝም ይላል? ጻፊውና ፈርሚ።»

ጻፍኩ። ስድስት መስመር ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ እየተከታተለች ነበር፤ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር እንደምታስገባ ዓይኗን አጥብባ።

«አሥራ ዘጠኝ ቀኑን አትዝለይ» አለችኝ። አልዘለልኩም። ፈረምኩ፣ ከአባቴ ገጽ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሰጠሁት። ለእሱም ስልሳ ሦስት ቅጂ አነሳሁ። ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ አቅፋ በር ላይ ስትደርስ ዞረች። «ጋሼን ይቅር በለኝ ብዬው አላውቅም» አለች። ለእኔ ያለችኝ ነገር የለም።

መሥሪያ ቤቱ ለተቃውሞው ሁለት ገጽ መልስ ሰጠ። ቆጠራው ስልሳ ሦስት ተብሎ ታረመ፤ ተመልካቹ ለስህተቱ ተጠያቂ አለመሆናቸው ተገለጸ፤ ሥራው ስለተጀመረ የመስመሩ መንገድ አይቀየርም ተባለ። እኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ራሴው መዘገብኩት። መሐንዲሱ ወደ ሌላ ፕሮጀክት በእድገት ተዛውሯል።

ቤቶቹ በበጋው ፈረሱ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋንና ማንጠልጠያዋን በጋሪ አስጭና ከከተማው ሌላ ጫፍ ሄደች። አዲሶቹ ምሰሶዎች ከአሮጌዎቹ እጥፍ ይረዝማሉ። ከሠላሳ አንደኛው እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ድረስ መሬቱ ባዶ ነው፤ መሃሉ ላይ ኖራቸው የታጠበ ድንጋዮች በየሃምሳ እርምጃው ተቀምጠዋል፤ የሚያነሳቸው አልመጣም። አሁን ለመስመሩ የሚቀርበው የመጀመሪያው ቤት የእኛ ነው። እናቴ የሸሸችው ድምፅ ሰማዩ ዝናብ ባረገዘ ቀን ከኩሽና እስከ መኝታ ቤት ይሰማል።